የማን አለብኝ ዋስ

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በኤስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ብዙም በማትርቅ መንደር፣ ካሴ የሚባል ነገር አዋቂ ነበረ። ነገር አዋቂ ስል በሰው ነገር ነው፤ በገዛ ቤቱማ የጨው ዕቃው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም። ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ይወጣል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ዳኞች ከሚቀመጡበት ወይራ ሥር ይሰየማል፣ ድንበር ተገፋብኝ ለሚለውም በሬዬ ተወጋብኝ ለሚለውም እየቆመ ሲሟገት ይውላል። የድካሙ ዋጋ ምርቃትና አንድ ሁለት ዋንጫ ጠላ ነው። ሲረታ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ እያስቆመ እያወራ፣ ሲረቱት ዳኛውን እያማ፣ ብቻ ሁልጊዜ መሽቶ ይመለሳል።

ሚስቱ ሐረገ ወይን ይህን ሠላሳ ዓመት ችላዋለች። ልጆቿን ድራ ከጨረሰች ወዲህ መጫወቻዋም መኩሪያዋም ጓሮዋ ሆኗል። ጤና አዳሙ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንብላሉ ሁሉ በየወገኑ ተሰድሮ፣ ከመካከል የጎመኑ መደብ አለ። አፈሩን በፍግ አልስልሳ፣ ጓሉን በጣቷ እያደቀቀች፣ አረም የሚባል ሳታስደርስበት የምታሳድገው ጎመን ነው። የሐረገ ወይን ጎመን ሲባል በመንደሩ የማያውቀው የለም፤ የሴቱ ሁሉ ዓይን እዚያ ላይ ነው።

ያን መደብ ከእሷ እኩል የወደደው አንድ ፍጡር ነበረ፤ ማን አለብኝ፣ የካሴ ውሻ። ስሙን ያወጣለት ካሴ ነው። በአገሩ ወግ የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ ካሴም ያኔ በድንበር የተጣላው ሰው ነበረና ውሻውን በጠራ ቁጥር ያ ሰውዬ እንዲሰማለት ብሎ ነው። ከሰውዬው ጋር ታረቁ፤ ስሙ ግን ለውሻው ቀረ፤ ውሻውም እንደ ስሙ ሆኖ አደገ። ተራራው ሸንተረሩ፣ ገደሉ ሜዳው ሁሉ የእግዜር ሰፊ መሬት ሆኖ ሳለ፣ እሱ ሜዳ የሚወጣው ከጎመኑ መደብ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ ያሸታል፣ ወገቡን ይሰብራል፣ ከዚያም አፈሩን በኋላ እግሩ እየበተነ፣ ቡቃያውን እየነቀለ፣ የመኳንንት ልጅ ይመስል ተንጎራዶ ይሄዳል።

ካሴ ግን ይወደዋል። ባለፈው ክረምት ጅብ የበጎቹን ጋጣ ሲሰብር፣ ባለቤቱ ጦሩን ይዞ እስኪደርስ ብቻውን ተናንቆ ያቆመው ማን አለብኝ ነው። የግራ ጆሮው እኩሌታ ያን ዕለት ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ውሻው እግሩ ሥር ካልተኛ ለካሴ እንቅልፍ አይወስደውም። የቀን ሙግቱን ማታ ማታ ደግሞ የሚነግረው ለእሱ ነው፤ ውሻው ሰምቶ የማይሰለች፣ ዳኛው ተሳስቷል ሲሉት ጅራቱን የሚቆላ አድማጭ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በጥቅምት ሃያ አንድ፣ የማርያም ማኅበር በታደለች ቤት በወጣ ጊዜ ነው። ታደለች የሐረገ ወይን ጎረቤት ናት፤ እሷም ጎመን ትተክላለች፣ ግን ይቀጭጭባታል። ጠላውን እየቀዳች፣ ድምጿን እንደ ማር አጣፍጣ፣ ሐረግዬ ጎመንሽ ዘንድሮ እንዲህ የፋፋው ምን እያቀመስሽው ነው ብላ ጠየቀቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሚቀጥለው ወር ተራ የሐረገ ወይን ነው፤ ዕለቱም ጾም ነውና ለማኅበርተኛው የምታቀርበው ያንኑ ጎመን ነው። ሳቁ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ በሚመጣው ወር እነዚህ ሁሉ እጃቸውን ሰብስበው ወጧን ሲያዩት ታያት። ውርደቱ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

በማግስቱ ካሴ እንደ ልማዱ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ጠበቀችውና ወይ ውሻውን ወይ ጓሮውን ምረጥ አለችው። ካሴ ሳቀ። ሳቁም አልበቃው ብሎ፣ ክስ ካለሽ ዳኛ ጥሪ፣ እኔ እንደሆንኩ ዳኛ ለምጃለሁ አላት። ሐረገ ወይን ነገር አላበዛችም። የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር አጥብቃ ቋጠረችው።

ያን ጊዜ ሕጉ እንዲህ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ከተቋጠሩ ቁራኛ ሆኑ ይባላል፤ ዳኛ ሳይፈታቸው ቋጠሮውን የፈታ ዓመፀኛ ነው። ዳኛም ሩቅ አይደለም፤ በንግሥቲቱ አምላክ ተብሎ የቆመ መንገደኛ ሁሉ ዳኛ ነው። ካሴ ይህን ለስንቱ ገበሬ እጁን እያወናጨፈ አስተምሯል። እንግዲህ የገዛ ትምህርቱ አንገቱን ይዞት ከሚስቱ ጎን ቆመ።

መጀመሪያ ያለፉት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ። ከጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የመጡ፣ የማኅበሩም አባት የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሌሊቱን እዚያው መንደር አድረው በበቅሎ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ በንግሥቲቱ አምላክ ዳኛ ይሁኑን የሚል የሴት ድምፅ አስቆማቸው። ቀና ብለው ማን ከማን ጋር እንደተቋጠረ ሲያዩ ፈገግታቸውን በጭራቸው ሸፈኑ።

ሐረገ ወይን ክሷን አሰማች፤ ማስረጃዋንም የሦስት ቀኑን በገል አድርጋ አቀረበች። መሪጌታ በቅሎዋን ነፋሱ ወደማያመጣው ወገን አዞሩና ተከሳሽ ይመልስ አሉ። ካሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ውሻ ሕግ አልተነገረውም አለ። መደቡ አጥር የለውም አለ። ደግሞስ ይህ የማን አለብኝ ለመሆኑ ማን መሰከረ፣ በአገሩ ያለው ውሻ አንድ ብቻ ነው ወይ ብሎ ክንዱን ዘረጋ። ንግግሩ ያምር ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ይህን ሲል ማን አለብኝ ተነሣና እየተንጠባረረ ወደ ጎመኑ ሄደ። ሁለት ጊዜ ዞረ። አሸተተ። በዳኛው ዓይን ፊት የምስክርነት ቃሉን ሰጠ።

መሪጌታ ስቀው እስኪጨርሱ በቅሎዋ ሣር ጋጠች። ከዚያ ፍርዱን ተናገሩ።

«ያልተነገረው አይፈረድበትም፤ እውነትህን ነው። ስለዚህ አንድ ወር ይነገረው። ነጋሪውም ዋሱም አንተ ነህ። እስከ ኅዳር ሃያ አንድ ከአንተ ጋር ቁራኛ ይሁን፣ ገመዱ ከወገብህ አይፈታ። ያን ዕለት ማኅበሩ በእናንተ ቤት ነው፣ እኔም እመጣለሁ። ከመደቡ ላይ አንዲት ነገር ከተገኘች ግን ውሻው ሲማዳ ይወርዳል።»

ሲማዳ ማለት ከወገዳ በታች ያለው ቆላ ነው፤ እዚያ የሐረገ ወይን ወንድም ኃይለ ሚካኤል ይኖራል። ውሻ ስጡኝ እያለ በየዓመቱ ይልካል። በየዓመቱ የሚልከውም ውሾቹን ነብር ስለሚለቅምበት ነው። ካሴ ይህን ያውቃል። እሺ አለ፤ መሪጌታ ሲሄዱ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አይደርስም። እንግዲህ አንድ ወር ሙሉ ወይራው ሥር ሙግት የለም።

የመጀመሪያው ጠዋት ውርደት ነበር። ካሴ ገመዱን ወገቡን ከታጠቀበት ድግ ጋር አስሮ እንደተኛ፣ ጎህ ሲቀድ ማን አለብኝ ሜዳ ሊወጣ ተነሣ፤ ዋሱም ከአልጋው ተጎተተ። በባዶ እግሩ ጤዛውን እየረገጠ፣ ጋቢው መሬት እየጠረገ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይጠይቅ ሄደ። ደረሱ፤ የጎመኑ መደብ ነው። ካሴ ቆሞ ስለ ሰው ርስት መከበር ለውሻው ረጅም ንግግር አደረገለት። ማን አለብኝ ጅራቱን እየቆላ ሰማው፤ ንግግሩ ሲያልቅ የመጣበትን ጨረሰ።

በሦስተኛው ቀን ካሴ ተናደደና በበትር መታው። ይህ ደግሞ ነገሩን ጭራሽ አባሰው፤ ውሻው በማግስቱ ገመዱን እስከ ጫፉ ስቦ፣ ከረዘመው ጎመን ሥር ተሸሽጎ፣ ባለቤቱን በግማሽ ጆሮው እየታዘበ አደረገው። ሐረገ ወይን ከጓሮው ዳር ሆና ስታይ ነበረች። ከፍርዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ቃል ተናገረችው፤ ስትመታው የተማረው መደበቅን ነው አለችው። ካሴ ነገሩን አሰበበት። ወይራው ሥር የስንቱ ተከሳሽ ጠባይ እንዲህ እንደነበረ ትዝ አለውና በትሩን ጣለ።

ከዚያ በኋላ እንደ ነገር አዋቂ ሳይሆን እንደ ገበሬ አሰበ። በሬ ትልሙን የሚለምደው እየተመራ ነው፤ ውሻስ ለምን አይመራም? ከጓሮው ውጭ፣ ከግራዋው ዛፍ ሥር፣ አፈሩን በዶማ ቆፍሮ እንደ መደቡ አለሰለሰው። ያን የሚስቱን ማስረጃ ከነገሉ ወስዶ እዚያ ገለበጠው፣ ሽታው ይጥራው ብሎ። በጎመኑ ዙሪያ የአጋም እሾህ አጠረ፤ ክፍት የቀረውን አመድ ነሰነሰበት። ውሻው ሲነቃ፣ ከበላም በኋላ፣ መሬት መሬቱን ማሽተት ሲጀምር ፈጥኖ ወደ ግራዋው ይመራዋል። እዚያ ቆሞ ይጠብቃል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ካሴ ግን ይጠብቃል። ማን አለብኝ ከቦታው ላይ ሲያደርግ ያኔውኑ ቁራሽ ቂጣ ያጎርሰዋል፣ ጎሽ የኔ ጌታ እያለ ጭንቅላቱን ያሻሸዋል።

መንደሩ ሥራ ፈታ። ውሃ የሚቀዳውም ከብት የሚነዳውም እየቆመ፣ አያ ካሴ ማን ማንን አስሮ ነው እያለ ያልፍ ነበር። አንድ ሰው የድንበር ክርክር ይዞ መጥቶ ጠበቃ ሁነኝ ቢለው፣ ካሴ ከግራዋው ሥር ሆኖ ዝም በል፣ ሊያደርግ ነው አለው። ሰውዬው ይህን ለአገር አወራ።

ቀኑ ግን ረጅም ነው፤ ውሻ ደግሞ ሲያርፍ ያርፋል። ካሴ ከግራዋው ሥር ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። መጀመሪያ ለሚስቱ ዶማውን አቀበላት። ቀጥሎ ቆፈረላት። ከዚያ የነጭ ሽንኩርቱን አረም አብረው ሲነቅሉ ዋሉ፤ ማን አለብኝ በገመዱ ልክ ተጋድሞ ያያቸዋል። ሐረገ ወይን ስትኮተኩት እንደምታንጎራጉር ካሴ አያውቅም ነበር። ድምጿ እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ነገረው? ወደ ምንጩ ስትወርድ ጉልበቷን እንደሚያማትም ያወቀው ያን ሰሞን ነው። በነጋታው እንስራውን ራሱ ተሸከመ፤ ውሻው ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ውሃው ከጀርባው እየተንቦጫረቀ ሽቅብ ሲወጡ ያያቸው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ካሴም አብሮ ሳቀ። ማታ ሙግቱን የሚያወራው ስለሌለው የድሮውን እያነሣ ያወጋት ጀመር፤ አንዳንዴ ዳኛው ልክ ነበር ትለዋለች፣ ይከራከራታል፣ ሲመሽ ግን በልቡ እውነትሽን ነው ይላል።

በሃያኛው ቀን ማን አለብኝ ሳይመሩት ወደ ግራዋው ሄደ። በሃያ አንደኛውም፣ በሃያ ሁለተኛውም። ካሴ ልጆቹን እንደገና የዳረ ያህል ደስ አለው።

ኅዳር ሃያ አንድ ደረሰ። ጎመኑ በዋዜማው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተከትፎ አድሯል። ካሴ በጠዋት ተነሣ፤ ወር ሙሉ ከነውሻው ሆኖ ከሩቅ ነበር የሚሳለመው፤ በጽዮን ማርያም ዕለት እንኳ ደጁን ስሞ ለመመለስ አማረው። ለአንድ አፍታ ነው ብሎ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ ከጋጣው ምሰሶ ላይ አሰረው። ሄደ፣ ሳመ፣ ወዳጆቹን ሰላም አለ፤ ሰላምታው ትንሽ ረዘመ።

ሲመለስ ማን አለብኝ በሩ ላይ እየዘለለ ተቀበለው። ከአንገቱ የተንጠለጠለው ገመድ ጫፉ ታኝኳል። ካሴ ወደ ጓሮ ሮጠ። ከአመዱ ላይ የውሻ እግር ተራ በተራ ታትሟል፤ ከመደቡ መካከል፣ ጎመኑ ከተቀነጠሰበት ላይ፣ ትኩሱ ተቀምጧል። የወሩ ድካም፣ ብርዱ፣ ቂጣው ሁሉ ከንቱ ሆነ። ማን አለብኝ በቆላው ሙቀት፣ ነብር በሚያደባበት አጥር ሥር፣ ጠባቂ በሌለው ሌሊት ታየውና እንባው መጣ። አካፋ ሊያመጣ ወደ ቤት ሮጠ። በሩ ላይ ልታግዝ የመጣችው ታደለች በድንገት ያዘችው፤ እንዴት አደራችሁ፣ እንኳን ለዛሬ አደረሳችሁ፣ ይህን ዳቦ የት ላስቀምጠው እያለች ያቺን ሰዓት ሁሉ በላችበት። አካፋውን ይዞ ሲመለስ መደቡ ላይ ምንም የለም። አመዱም አዲስ ተነስንሷል።

ካሴ ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። ሐረገ ወይን አግኝታዋለች። እንደ ያን ጊዜው በገል አድርጋ፣ ዳኛው እስኪመጡ አስቀምጣዋለች። ፊቷን ቢያይ ምንም አይነበብበትም፤ ጎመኑን ታማስላለች።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ ጸሎት ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጎመኑ ቀረበ። ሁሉም በላ። ታደለች ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ካሴ ግን እንጀራውን ሲቆራርስ ቆየ። ጠላው አንድ ዙር እንዳለቀ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዋንጫቸውን አስቀመጡና፣ ዛሬ ቀጠሮ ያለው ሰው አለ አይደለም ወይ አሉ።  ካሴ ፈትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የዋሱ ነው ሊል ከመቀመጫው እኩል ተነሣ። የጋቢው ጫፍ ያዘው። ዘወር ሲል ሐረገ ወይን ከጎኑ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከመሪጌታ ሳትነቅል፣ የጋቢውን ጫፍ ከነጠላዋ ጋር እየቋጠረች ነው።

«መሪጌታ፣ ለዳኛ የማሳየው ነገር የለኝም» አለች። «ውሻው ተምሯል። ያልተማረው ዋሱ ነው፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ቁራኛውን ምሰሶ ላይ አስሮ ጥሎት ወጥቷል። አንድ ወር ለእሱ አልበቃውም። ቁራኛው እስከ ፋሲካ ይጽና ብዬ እለምናለሁ።»

ማኅበሩ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም፤ ሴቲቱን አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ፣ ከዚያ ተከሳሽ ምን ይላል ብለው ጠየቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ካሴ ሰባት መልስ ነበረው። አሁን ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰሰ።

«የምከራከረው የለኝም» አለ።

ይህን ቃል ከካሴ አፍ ኤስቴ ሰምቶ አያውቅም። ፍርዱ ጸና።

እንግዶቹ ሲበተኑ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ካሴ ዋንጫዎቹን እያቀበላት የት አደረግሽው ብሎ በቀስታ ጠየቃት። ከግራዋው ሥር አለችው፤ ቦታው እዚያ አይደል እንዴ? ለምን ብሎ ደግሞ ጠየቃት። ሐረገ ወይን የያዘችውን ዋንጫ አጥባ ደፋችው።

«ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሜ የማየው ጀርባህን ነበር» አለችው። «በዚህ ወር ፊትህን አየሁት።»

ካሴ ተነሣ። የታኘከውን ገመድ ጥሎ ከጓዳ ጠፍር አወጣ፤ አንዱን ጫፍ ከማን አለብኝ አንገት፣ ሌላውን ከድጉ ጋር አሰረ። ከዚያ ወገቡን ወደ ሚስቱ አዙሮ ቋጠሮውን አጥብቂልኝ አላት። አጠበቀችለት፤ ሦስቱም ወደ ግራዋው ወጡ።